«ፈቃድ»፣ «ኪባሊ» እና «ፐርሚሽን»፦ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የታንዛኒያ የግንባታ ፈቃድ ሥርዓቶች በቃላቸው ሲነጻጸሩ

1. መግቢያ

በከተማ ውስጥ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው፣ በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ ወይም በታንዛኒያ፣ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ሥልጣን ካለው አካል በጽሑፍ የተሰጠ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ሦስቱ አገሮች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። የወረቀቶቹ ቅደም ተከተል፣ ወረቀቱን የሚሰጠው አካልና ወረቀቱ የሚያስገኘው መብት ከአገር አገር አንድ አይደለም። በሁለት ቋንቋ የሚዘጋጁ መዝገበ ቃላትና የቃላት ዝርዝሮች ይህን ልዩነት ብዙውን ጊዜ በአንድ መስመር ያልፉታል። የአማርኛው «ፈቃድ»፣ የስዋሂሊው «ኪባሊ» እና የእንግሊዝኛው «ፐርሚት» ጎን ለጎን ተደርድረው እንደ አቻ ይቀርባሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አቻነት ከላይ የሚታይ ብቻ መሆኑን ማስረዳት ነው። በግንባታ ሕግ ውስጥ ያለ ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ከሥርወ ቃሉ ብቻ ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ውስጥ ከያዘው ቦታም ነው። ቦታውን ሳያውቅ ቃሉን የሚተረጉም ሰው ትክክለኛ በሚመስል ዐረፍተ ነገር የተሳሳተ መረጃ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስሕተቱ ደግሞ በወረቀት ላይ አይቀርም። የቅድመ ዝግጅት ማስረጃን እንደ ግንባታ ፈቃድ ቆጥሮ ግድግዳ ያቆመ ሰው የሚከፍለው ዋጋ የቤቱ መፍረስ ነው።

ችግሩ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ሞያሌ ነው። ከተማዋን የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ለሁለት ይከፍላታል። በሁለቱም ወገን ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይነገራሉ። ይሁን እንጂ በኬንያ በኩል የሚሠራው ሕግ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በኩል የፌዴራሉ ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ በክልሎች የሥራ ቋንቋዎች ይፈጸማል። ስለዚህ በአንዱ ወገን የተማረውን የቢሮ ቃል ይዞ ወደ ሌላው ወገን የሚሻገር ግንበኛ ከቃሉ ጋር ሕጉን ሊያሻግር አይችልም።

2. የሁለቱ ቃላት ሥር

«ፈቃድ» የተገኘው «ፈቀደ» ከሚለው ግሥ ነው። በግእዝ ይህ ግሥ በዋናነት ወደደ፣ ፈለገ፣ ሻ ማለት ነው። የአማርኛው ግሥ «አልከለከለም፣ እንዲሆን ተወ» ወደሚለው ትርጉም ቢሸጋገርም፣ ስሙ ግን የጥንቱን ፍቺ እስከ ዛሬ ይዞ ይገኛል። «በገዛ ፈቃዱ ሄደ» ሲባል ያስገደደው የለም ማለት ነው። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ከሆነ» ሲባልም የሚነገረው ስለ ውዴታ ነው። «በፈቃዱ ሠራ» እና «በፈቃድ ሠራ» የሚለያዩት በአንድ ቅጥያ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፈቃዱን ከሠሪው ልብ ያኖረዋል፤ ሁለተኛው ከሹሙ ጠረጴዛ ላይ።

የስዋሂሊው «ኪባሊ» ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ቃል ነው። «ኩባሊ» ከሚለው፣ «መቀበል፣ መስማማት» የሚል ፍቺ ካለው ግሥ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ምንጩ የዐረብኛው «ቀ-በ-ለ» ሥር ነው። የግእዝና የአማርኛው «ተቀበለ» የዚሁ ሴማዊ ሥር ዘመድ ነው። በሥሩ ካየነው «ኪባሊ» የቀረበን ነገር መቀበል ነው። በ«ፈቃድ» ጀርባ ያለው ሐሳብ የሰጪው መሻት ሲሆን፣ በ«ኪባሊ» ጀርባ ያለው የሰጪው እሺታ ነው።

ቃላቱ አብረዋቸው በሚሄዱት ግሦችም ይለያያሉ። በስዋሂሊ አመልካቹ «ኪባሊ» ይለምናል (ኩኦምባ)፣ መሥሪያ ቤቱ ያወጣል (ኩቶአ)፣ አመልካቹም ያገኛል (ኩፓታ)። በአማርኛ የሕጉ ቋንቋ «ፈቃድ ይሰጣል» ቢልም፣ የከተማው ነዋሪ የሚናገረው «ፈቃድ አወጣሁ» ብሎ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ቋንቋዎች «ማውጣት» የሚል ግሥ አላቸው፤ የግሡ ባለቤት ግን ተገላቢጦሽ ነው። በስዋሂሊ የሚያወጣው ቢሮው ነው፤ በአማርኛ የሚያወጣው ዜጋው ነው። ቃል በቃል የሚሄድ ተርጓሚ «ፈቃድ ያወጣው ማን ነው?» የሚለውን የአማርኛ ጥያቄ ወደ ስዋሂሊ ሲወስድ የአመልካቹን ስም የሚጠይቀውን ወደ ባለሥልጣኑ ስም መጠየቂያ ሊለውጠው ይችላል።

የቃላቱ ስፋትም እኩል አይደለም። አማርኛ የንግድ ፈቃድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የግንባታ ፈቃድና የዓመት ፈቃድ እያለ አራት ልዩ ልዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። ስዋሂሊ ለንግዱና ለመንጃው «ሌሴኒ»፣ ለግንባታው «ኪባሊ»፣ ለዓመት ዕረፍቱ «ሊኪዞ» ይላል። ከእነዚህ ሌላ ከዐረብኛ የገቡት «ሩሁሳ» እና «ኢዲኒ» አሉ። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ሰው ለሰው የሚሰጠውን ፈቃድ፣ ሁለተኛው የበላይ አካል ይሁንታን ይገልጻሉ። ሶማሊኛም ከዚያው ከዐረብኛ ሥር የመጣውን «ሩክሰድ» እና የራሱን «ኦጎላንሾ» ጎን ለጎን ይጠቀማል። «ኦጎል» የሚለው መነሻ መስማማትንና ፈቃደኛ መሆንን ስለሚገልጽ ከስዋሂሊው ይልቅ ለአማርኛው «ፈቃድ» ይቀርባል።

3. ኢትዮጵያ፦ ስምምነት፣ ፈቃድ፣ መጠቀሚያ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እና በ2003 ዓ.ም. የተከተለው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 243/2003 የዘርፉን የአማርኛ ቃላት በሕግ ቋንቋ አጽንተዋል። በአዋጁ መሠረት ውሳኔ የሚሰጠው ባለሥልጣን «የሕንፃ ሹም» ይባላል። እንግሊዝኛው «ቢልዲንግ ኦፊሰር» ይላል። «ኦፊሰር» የማንኛውም መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሊሆን ሲችል፣ «ሹም» ግን የተሾመ፣ ከበላይ ሥልጣን የተቀበለ ሰው ነው። የአማርኛው ቃል የሥልጣኑን ምንጭ ይናገራል፤ የእንግሊዝኛው የሥራ ድርሻውን።

ሥርዓቱ በሦስት ቃላት ይራመዳል። መጀመሪያ «የፕላን ስምምነት» አለ። በዚህ ደረጃ አመልካቹ በቦታው ላይ ሊሠራ ያሰበው ነገር ከከተማው ፕላን ጋር የሚስማማ መሆኑ ይረጋገጥለታል። ቀጥሎ «የግንባታ ፈቃድ» ይመጣል፤ ግንባታ ለመጀመር የሚያስችለው ይህ ነው። ሕንፃው ሲያልቅ ደግሞ ሕጉ በሚጠይቅባቸው ሕንፃዎች ላይ «የመጠቀሚያ ፈቃድ» ይከተላል።

ከሦስቱ ለተርጓሚ አሳሳቹ የመጀመሪያው ነው። «ስምምነት» የሚመነጨው «ሰማ» ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ «ተስማማ» እርስ በርስ መደማመጥን ያሳያል። ቃሉን የሰማ ሰው ሁለት ወገኖች ውል እንደተዋዋሉ፣ ጉዳዩም እንዳለቀ ሊያስብ ይችላል። በሕጉ ግን ይህ የመንገዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። «ከከተማው ጋር ተስማምቻለሁ» የሚል ሰው ገና ፈቃድ አልያዘም።

ሁለተኛው አሳሳች ቃል «ግንባታ» ራሱ ነው። አዋጁ ለ«ግንባታ» የሰጠው ትርጓሜ አዲስ ሕንፃ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ነባር ሕንፃን ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም ያቅፋል። በዕለት ተዕለት አማርኛ ግን ሳሎኑን ሱቅ ያደረገ ሰው «ገነባ» አይባልም፤ አንድ ብሎኬት አልጨመረምና። ሕጉ የሚያውቀው ግንባታ ሕዝቡ ከሚያውቀው ግንባታ ይሰፋል። በመሆኑም ጥፋት ያላጠፋ የሚመስለው ሰው በሕጉ ፊት ያለ ፈቃድ የገነባ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው ነጥብ የድምፅ ጉዳይ ነው። አዋጁ ሕንፃዎችን በእንግሊዝኛው በ«ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ»፣ በአማርኛው በ«ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ይመድባል። ምድብ «ሀ» በመዋቅሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ሕንፃንና ከሁለት ወለል በታች የሆነ መኖሪያ ቤትን ይይዛል። ምድብ «ሐ» የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንፃን፣ ፋብሪካና ወርክሾፕን፣ እንዲሁም ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጥን ማንኛውንም ሕንፃ ያጠቃልላል። ይሁን እንጂ በአማርኛ «ሀ» እና «ሐ» በአነጋገር አንድ ናቸው። በጽሑፍ ፈጽሞ የማይምታቱት ቀላሉና ከባዱ ምድብ በስልክ ወይም በመስኮት ሲነገሩ አንድ ድምፅ ይሆናሉ። ተናጋሪው «ሃሌታው» ወይም «ሐመሩ» ብሎ ካልለየ ሰሚው ከአገባቡ መገመት ይኖርበታል። የፊደል ተራን ለምድብ መጠሪያ ማድረግ በላቲን ፊደል ችግር አያመጣም። በአማርኛ ግን ችግሩ ከቋንቋው የድምፅ ታሪክ ይመነጫል፤ በግእዝ ሁለት የነበሩት ድምፆች በአማርኛ ተዋሕደዋልና።

እነዚህ ነጥቦች ክብደት የሚኖራቸው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 ምክንያት ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ቅጂ መካከል ልዩነት ሲፈጠር የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ብቻ ያነበበ ተመራማሪ የሕጉን የበላይ ቅጂ አላነበበም።

4. ኬንያ፦ «ልማት» እና የዝምታ ፈቃድ

በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአካላዊና የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሕግ ማዕከላዊ ቃሉ «ዴቨሎፕመንት ፐርሚሽን» ነው። «ዴቨሎፕመንት» እዚህ ላይ እድገት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1947ቱ የብሪታንያ የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ የተወረሰ የሕግ ቃል ሲሆን፣ በመሬት ላይ ማናቸውንም ሥራ ማከናወንን ወይም የመሬትንም ሆነ የሕንፃን አጠቃቀም በጉልህ መለወጥን ያመለክታል። የኢትዮጵያው አዋጅ «ግንባታ» በሚለው ቃል ውስጥ ያስገባውን የአገልግሎት ለውጥ የኬንያው ሕግ «ዴቨሎፕመንት» ውስጥ አስገብቶታል። ሁለቱ ሕጎች በይዘት ሲቀራረቡ በቃል ተራርቀዋል።

ቃሉን ወደ አማርኛ «የልማት ፈቃድ» ብሎ መመለስ ከባድ መዘዝ አለው። በአማርኛ «ልማት» የግለሰብ ሥራ ሳይሆን የመንግሥት መርሐ ግብር ድምፅ አለው። «የልማት ተነሺ» ማለት ቦታው ለፕሮጀክት ስለተፈለገ ከቤቱ የሚነሣ ሰው ነው። ስለዚህ በኬንያ በረንዳውን ለማስፋት የሚያመለክት ሰው የሚጠይቀው ወረቀት በአማርኛ ሲነበብ ሰውን ከቤቱ የሚያስነሣ ወረቀት ሊመስል ይችላል። የስዋሂሊው «ማኤንዴሌኦ» «መቀጠል» ከሚል ግሥ ስለተገኘ ይህ ጥላ የለበትም፤ እርሱም ቢሆን ግን የእድገት እንጂ የግንብና የጣራ ቃል አይደለም። ለአማርኛ አንባቢ «የመሬት ላይ ሥራና የአጠቃቀም ለውጥ ፈቃድ» የሚለው ቢረዝምም ከሕጉ ይዘት ጋር ይሄዳል።

በኬንያ ውሳኔውም በአንድ ሹም እጅ አልተሰበሰበም። «ዴቨሎፕመንት ፐርሚሽን» የሚሰጠው በካውንቲው አስተዳደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የአካባቢ ሕግ የሚመለከታቸው ፕሮጀክቶች የብሔራዊው የአካባቢ ባለሥልጣን ይሁንታ ያስፈልጋቸዋል። የሥራ ተቋራጮችንና የግንባታ ሥራዎችን ምዝገባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው ብሔራዊ የኮንስትራክሽን ባለሥልጣን ይዞታል። «ፈቃዱ አልቋል ወይ?» የሚለው የአማርኛ ነጠላ ጥያቄ በኬንያ «ከየትኛው አካል?» የሚል መልስ ያስከትላል።

ለንግግር ድርጊት ጥናት ሰፊ ዕድል የሚከፍተው ግን የሕጉ የጊዜ ገደብ ነው። በ2019ኙ ሕግ መሠረት አመልካቹ በ60 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ ምላሽ ካላገኘ ፈቃዱ እንደተሰጠው ይቆጠራል። ፈላስፋው ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1955 በሃርቫርድ ባቀረባቸው ትምህርቶች ላይ የተነተናቸው ድርጊት ፈጻሚ ንግግሮች ተናጋሪ፣ ቃልና ተገቢ ሁኔታ ይፈልጋሉ። እዚህ ግን ተናጋሪው ምንም አልተናገረም፤ ድርጊቱም ተፈጸመ። ዝምታው ፈቃድ የሚሆነው ሕጉ አስቀድሞ በእርሱ ፈንታ ስለተናገረ ነው።

ይህን ወደ አማርኛ የሚያመጣ ተርጓሚ «ፈቃድ ይሰጣል» ብሎ ቢጽፍ የሌለ ሰጪ ይፈጥራል። «ፈቃድ እንደተሰጠ ይቆጠራል» የሚለው ተደራጊ አገላለጽ ሰጪውን ሳይጠራ ውጤቱን ይይዛል። ልዩነቱ ለአመልካቹም ተጨባጭ ነው። በ61ኛው ቀን ሥራ የሚጀምር ሰው የሚያሳየው የፈቃድ ወረቀት የለውም፤ የሚያሳየው ማመልከቻውን ያስገባበትን ቀን ነው። የዚያን ቀን ማስረጃ ቢጥል ፈቃዱን ራሱን እንደጣለ ይሆንበታል።

5. ታንዛኒያ፦ አንድ የእንግሊዝኛ ስም፣ ሁለት ሰነድ

በታንዛኒያ እ.ኤ.አ. የ2007 የከተማ ፕላን ሕግ በፕላን ክልል ውስጥ ማንም ሰው ያለ «ፕላኒንግ ኮንሰንት» መሬት እንዳያለማ ይከለክላል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው የትርጉም ወጥመድ ይገኛል። የኢትዮጵያው አዋጅ የእንግሊዝኛ ቅጂ «የፕላን ስምምነት»ን «ፕላን ኮንሰንት» ይለዋል። ሁለቱ የእንግሊዝኛ ሐረጎች በአንድ ቅጥያ ብቻ ይለያያሉ፤ ክብደታቸው ግን አንድ አይደለም። በኢትዮጵያ ከፈቃዱ በፊት የሚመጣ የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ በታንዛኒያ ያለ እርሱ መሬቱ ሊነካ የማይችልበት ዋናው የፕላን ፈቃድ ነው። ሕዝቡ በእጁ የሚፈልገውና በአካባቢው አስተዳደር የሚሰጠው የግንባታ ወረቀት «ኪባሊ ቻ ኡጄንዚ» ይባላል።

ሁለተኛው ወጥመድ የበለጠ ጥልቅ ነው። በእንግሊዝኛ «ሰርተፊኬት ኦፍ ኦኩፓንሲ» የሚለው ሐረግ በብዙ አገሮች ሕንፃው አልቆ ሰው ሊገባበት መቻሉን የሚያረጋግጥ ሰነድ ነው። በኬንያ «ኦኩፔሽን ሰርተፊኬት» የሚባለው ይህ ነው፤ በኢትዮጵያም «የመጠቀሚያ ፈቃድ» ከዚሁ ወገን ነው። በታንዛኒያ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የመሬት ሕግ «ሰርተፊኬት ኦፍ ኦኩፓንሲ» የሕንፃ ሳይሆን የመሬት ሰነድ ነው። መሬት በሙሉ የሕዝብ ሆኖ በፕሬዚዳንቱ ባለአደራነት የሚያዝ በመሆኑ፣ ግለሰቡ የሚያገኘው በመሬቱ የመጠቀም መብት በዚህ ወረቀት ይረጋገጣል። በአንዱ አገር የሥራው መዝጊያ የሆነው ስም በሌላው አገር የሥራው መነሻ ነው። የታንዛኒያን ሰነድ «የመጠቀሚያ ፈቃድ» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰ ሰው ባዶ መሬትን እንዳለቀ ሕንፃ አድርጎ አቅርቧል።

የታንዛኒያው ሰነድ የሕዝብ ስሙ «ሀቲ ሚሊኪ» ነው። «ሀቲ» ሰነድ፣ «ሚሊኪ» ባለቤት መሆን ነው። የኋለኛው ቃል ከዐረብኛው «መ-ለ-ከ» ሥር የመጣ ሲሆን፣ የግእዙ «መለከ» ዘመዱ ነው። እንግሊዝኛው በጥንቃቄ «ኦኩፓንሲ» ሲል ስዋሂሊው በግልጽ «ባለቤትነት» ይላል። በኬንያም የመሬት ሰነድ በዚሁ «ሀቲ ሚሊኪ» ይጠራል። እዚያ ግን የ2010ሩ ሕገ መንግሥት የግል መሬትን ስለሚያውቅ ቃሉና ሕጉ ይቀራረባሉ። አንድ የስዋሂሊ ስም ድንበር ሲሻገር የያዘው መብት ይለወጣል።

አማርኛ በዚህ ረገድ ሌላ ምርጫ አድርጓል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወዲህ የከተማ መሬት የግል ንብረት አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። በመሆኑም የሕጉ ቃል «ይዞታ» ሆኗል፤ «ያዘ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ መያዝን እንጂ ባለቤት መሆንን የማይናገር ስም ነው። ሕዝቡ ደግሞ «የይዞታ ማረጋገጫ» የሚለውን አሳጥሮ «ካርታ» ይለዋል። ይህ ከጣሊያንኛ የገባ፣ «አርማታ»ና «ፌሮ» ከሚባሉት የግንባታ ቃላት ጋር የሚቆጠር ቃል፣ ስለ መብቱ ዓይነት ምንም አይልም፤ የሚጠራው ወረቀቱን ብቻ ነው። የታንዛኒያ ነዋሪ ሕጉ ያልሰጠውን ባለቤትነት በስሙ ሲያገኝ፣ የኢትዮጵያ ነዋሪ ጥያቄውን ሳይመልስ ያልፈዋል።

6. ለቃላት ሥራ የሚተርፈው ትምህርት

በታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2021 የሕግ ማሻሻያ ስዋሂሊ የሕጎች ቋንቋ ተደርጓል። በዚያው ዓመት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ስዋሂሊንና ፈረንሳይኛን ከእንግሊዝኛ ጋር የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ ወስኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሶማሊያ ማኅበረሰቡን ተቀላቅላለች። ኢትዮጵያ አባል ባትሆንም በድንበሯ ማዶ ያለው የሕግ ቋንቋ እየተለወጠ ነው። እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ድልድይነት ይተላለፉ የነበሩት ቃላት ከአፍሪካ ቋንቋ ወደ አፍሪካ ቋንቋ በቀጥታ መተርጎም ይኖርባቸዋል። ከላይ እንደታየው ድልድዩ ራሱ አንዳንዴ አሳሳች ነው፤ «ኦኩፓንሲ» እና «ኮንሰንት» በእንግሊዝኛ አንድ መስለው የሚለያዩ ሰነዶችን ሸፍነዋል።

በመሆኑም ለዘርፉ የሚዘጋጅ መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ ቃል ከአቻ ቃል በፊት አራት ነገሮችን ሊመዘግብ ይገባል። እነዚህም ሰነዱን የሚሰጠው አካል፣ ሰነዱ የሚመለከተው ነገር (መሬት፣ ዕቅድ ወይም ያለቀ ሕንፃ)፣ ከፊቱና ከኋላው የሚመጣው ሰነድ፣ እንዲሁም ሰነዱን የያዘው ሰው በማግስቱ ማድረግ የሚችለው ነገር ናቸው። በዚህ መለኪያ «የፕላን ስምምነት» እና «ፕላኒንግ ኮንሰንት» በአንድ መስመር አይቀመጡም። «የመጠቀሚያ ፈቃድ» እና «ሀቲ ሚሊኪ»ም ይለያያሉ፤ የኬንያው የ60 ቀን ዝምታ ደግሞ ስም ባይኖረውም የራሱን ቦታ ያገኛል።

ከአራቱ የመጨረሻው ለተራው ሰው ዋናው ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ያለ ፈቃድ በሌሊት የሚሠራ ቤት «የጨረቃ ቤት» ይባላል። ስሙ የቤቱን የሕግ ጉድለት ሳይሆን የተሠራበትን ሰዓት ይናገራል፤ ሠሪው ወረቀት እንደሌለው ስለሚያውቅ ጨለማን መርጧል። ወረቀት ይዞ በጠራራ ፀሐይ የሚገነባና ወረቀቱ ሌላ መሆኑን የማያውቅ ሰው ግን ስም የለውም። መዝገበ ቃላቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ሰው ነው።